በጉርድ ላይ የለካሁት ጭን

ይህን ለንስሐ አባቴም ቢሆን አልተነፈስኩትም። የምላሴን ክፋት፣ የጾም ግድፈቴን ሁሉ ስዘረዝር ይህችን ሁልጊዜ እዘላታለሁ።

ከደብረ ማርቆስ መጥቼ ጅጅጋ አንድ ክሊኒክ በፊዚዮቴራፒ እሠራ ነበር። ሱማሊኛ አልሰማም፤ ሰው ከሳቀ በእኔ የሳቀ ይመስለኛል።

ሳህራ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ጉልበቷ ተጎድቶ ሁለት ወር በጀሶ ታስሮ ሲፈታ የጭኗ ሥጋ ሟሙቶ ተገኘ። ከጉልበቷ ሥር ፎጣ ጠቅልላ ወደ ታች እንድትጫን፣ እግሯን ዘርግታ እያነሳች እስከ አስር እንድትቆጥር አሳየኋት። ወደ ሥራዋ የምትመለሰው ጭኗ መበርታቱን ጽፌ ስሰጣት ብቻ ነው።

ጭን መግለጥ ነውር ነው አለች፣ በምታውቃት አማርኛ። እኔም በውስጥ ጉርዷ ላይ በሜትር ለካኋት። «አባዮ፣ ባሌ ያልለካውን ለካሽው» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። አብራት የመጣችው እህቷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

በወሩ ጭኗ በመወፈር ፈንታ ቀነሰ።

«እውነት ትሠሪያለሽ?»

«ወላሂ፣ ጠዋትም ማታም።»

ወላሂ ስትል ይበልጥ ጠረጠርኳት። ለመሐላ የሚቸኩል ምን ቢደብቅ ነው? ደህናውንም እግር እየለኩ ማነጻጸር የሥራችን ደንብ ነው። እኔ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ለክቼው ተውኩት። ውሸታም ለመያዝ ቸኩዬ ነበር። «እንቅስቃሴውን አትሠራም፤ ለሥራ አልደረሰችም» ብዬ ለትምህርት ቤቱ ጻፍኩ።

በማግስቱ ስትመጣ ለፋይሉ ብዬ ሁለቱንም ለካሁ። ደህናው እግር ከተጎዳው ይበልጥ ቀንሷል። ደህና እግር በወር እንዲህ ይከሳል? ጉርዷን በጣቴ ዳሰስኩት፤ ስስ ነው። መጀመሪያ የመጣችው በብርዱ ሰሞን፣ በወፍራም ጉርድ ነበር። የቀነሰው ጨርቁ ነው። ከደህናው ያነሰ የቀነሰው የተጎዳው ጭንማ በርትቷል።

ስልክ ነበረ፤ ለትምህርት ቤቱ አልደወልኩም። ተሳሳትኩ ማለት ሞት መሰለኝ። በሳምንቱ ቦታዋ ለሌላ ሴት ተሰጠ። ሳህራ ደረጃውን ሳታነክስ ወጥታ መጣችና፣ «አባዮ፣ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽብኝ?» አለችኝ።

«የክሊኒኩ ሐኪም ነው የወሰነው» አልኳት።

አመነችኝ። ስለ ልፋቴ አመስግናኝ ሄደች።

ባዕድ አገር ሆኖብኝ ነው ልበል? እሷ ምን አደረገችኝ? ደገሀቡር ዘመዶቿ ዘንድ ገባች ሲሉ ሰማሁ። መኪና በየቀኑ ይሄዳል፤ እኔ አልሄድኩም። ስለዚህ ፍቱኝ አልላችሁም። ይቅር የምትለኝ እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ ምን እንዳደረግኩባት እስከ ዛሬ አታውቅም።