ታድግበታለች

ልጅ እያለሁ አንድም ቀን ልኬ የሆነ ቀሚስ ለብሼ አላውቅም። የኛ የደብረ ኤልያስ እናቶች ልብስ የሚገዙት ዛሬ ላለችው ልጅ ሳይሆን የዛሬ ሁለት ዓመት ለምትሆነዋ ነበር። «ታድግበታለች» ከተባለ አለቀ፤ ይግባኝ የለውም።

አንድ ዓመት ለጥምቀት ልብስ ሊገዛልኝ እማዬ ማርቆስ ከተማ ድረስ ይዛኝ ሄደች። የገባንበት ሱቅ ሻጭ ቀይ ቀሚስ አውርዳ አለበሰችኝ። ልክክ አለ። መስታወቱ ፊት ዞርኩ፣ ደግሜ ዞርኩ፤ የአዲሱ ጨርቅ ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልጠፋም። እማዬ ግን ትከሻዬ ላይ ሁለት ጣቷን በጨርቁ ስር አስገብታ ሞከረችና «የምታድግ ልጅ ናት፤ ከፍ ያለውን ስጭኝ» አለች። ሻጯን በዓይኔ ለመንኳት። ምን አለበት አንዲት ቃል ብትናገርልኝ? እሷ ግን ትልቁን አወረደች።

እማዬ ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፋ ሰፋችው። በጥምቀት ዕለት ታቦቱን አጅበን ስንጨፍር ስፌቱ ተተረተረና ጫፉን ረግጬ በግንባሬ ተደፋሁ። ጓደኞቼ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ሲባል ሰምታ ነው» እያሉ ሲስቁብኝ ዋሉ። እማዬን ይቅር አልኳት፤ ቀሚሱ እኔን አልፎ ለታናሽ እህቴም ደርሷልና። ሻጯን ግን ቂም ያዝኩባት።

ይኸው ዛሬ እኔው ራሴ ማርቆስ ውስጥ የሴቶች ልብስ ሻጭ ሆኛለሁ። ሳወርድ፣ ስሰቅል፣ ሳጥፍ ስውል ወገቤ ይቆረጣል። መደርደሪያውን ሁሉ አስወርዶ «ዞሬ እመጣለሁ» የሚል ሰው ሲወጣ ደግሞ የባለሱቋ ፊት የሚጠቁረው በእኔ ላይ ነው።

ዘንድሮ የከተራ ዕለት ጠዋት አንዲት እናት ልጇን ይዛ ገባች። ልጅቷ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ መስታወቱ ፊት ስትሽከረከር፣ እናትየዋ ትከሻዋ ላይ ሁለት ጣቷን አስገባች። ገና ሳትናገር አወቅኩት።

«እናቴ፣ ይኼ ልክክ ብሎላታል እኮ» አልኩ።

«በየዓመቱ የምታለብሻት አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

የዛሬ ጨርቅ እንደኛ ጊዜው መሰላችሁ? ያኔ ቀሚስ ልጅን ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር። ያሁኑ ሁለቴ ቢታጠብ ቀለሙ ይለቃል፤ ልጅቷ ሳትደርስበት እሱ ቀድሞ ያልቃል። ይህን እንዳልናገር ባለሱቋ ከጀርባዬ ቆማለች። እንጀራዬ ነውና ዋጥኩት። በሴትዮዋም፣ በጨርቁም፣ ከሁሉ በላይ በገዛ አፌ ተናድጄ ትልቁን አወረድኩ። ያቺ ሻጭም ያኔ ይኸንኑ ውጣ ይሆናል።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ።

ትልቁን አልብሻት፣ መርፌ አውጥቼ እግሯ ስር ተንበረከክሁና ጫፉን አጥፌ በድርብ ክር ሰፋሁት። እስክጨርስ አንድም ጊዜ ዝቅ ብላ አላየችኝም። ቂም ይዛብኛለች። ትያዝ፤ ብቻ ነገ አትደፋ።