የማይዝግ ቢላ ፍለጋ እስከ ኩርሙክ

ወሬው የደረሰኝ አሶሳ፣ ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ ክረምት የበላውን ቢላዬን በአመድ ስፈትግ ነው። ጎረቤቴ ሼህ ኢድሪስ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ «እሜቴ፣ ተወው! ኩርሙክ የማይዝግ ብረት መጥቷል። ወላሂ፣ ውሃ ውስጥ ቢያድር እንደ መስተዋት ነው!» አሉኝ። የዚህ አገር ሰው አማርኛ ሴትና ወንድ አይለይም።

የቡልጋ ሰው ነኝ፤ ባሌን ተከትዬ ወደዚህ ቆላ ከወረድሁ ስድስት ዓመቴ። ባለፈው ክረምት ወባ ሲጥለኝ እስክነሳ ያስታመመችኝ የሼሁ ሚስት ናት። የልጃቸው ሰርግ ለመጪው ሳምንት ሐሙስ ተቆርጦ ነበርና፣ ሳልጸልይ አፌ አምልጦኝ «የሙክቱን ማረጃ እኔ አመጣለሁ» አልሁ።

ሼሁ ወርቅ አጣቢ ናቸው። ጥቁሩን አሸዋ ከወርቁ የሚለዩባትን ማግኔት ከኪሳቸው አውጥተው፣ «ነጋዴ ያታልላል። ይሄ የሚስበውን ጣል፣ የማይስበውን ያዝ» ብለው ሰጡኝ።

ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ

ቀርከሃው ጤዛውን በራሳችን ላይ ያራግፋል፤ መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው። ስንቄ በሶና ቆሎ። ከበቅሎዬ ሦስት ጊዜ ወደቅሁ። ነጂዬ ጅብሪል ሦስቱንም ጊዜ፣ «እሜቴ አልወደቀም፤ ወርዷል» እያለ አጽናናኝ።

ረቡዕ፣ ኩርሙክ

የሱዳን ጠረፍ ሙቀት ምድጃ ነው። የረቡዕ ጾም መፍቻ ሰዓት ስላልደረሰ ቴምሩን አሽትቼ ብቻ አለፍሁ። ሱዳናዊው ሽማግሌ ነጋዴ ማንኪያና ቢላውን ሰሌን ላይ ደርድሯል፤ ሁሉም ያብለጨልጫል። ማግኔቴን መዘዝሁ። ማንኪያው ዝም፤ ቢላው ግን ጧ ብሎ ተጣበቀ!

«ያዝሁህ!» አልሁ።

ነጋዴው ሳቀ፤ ጅብሪል ተረጎመልኝ። «ብረቱ ሁለት ዓይነት ነው ይላል። የማንኪያው ለስላሳ ነው፤ አይዝግም፣ ስለትም አይይዝም። የቢላው በእሳት ይጠነክራል፣ ይሳላል፤ ብቻ ሲታጠብ በደንብ ማድረቅ ነው።»

«ታዲያ ማግኔቱ የሚስበው እሱን አይደል? ወርቅ አጣቢ የሚጥለውን ነው የሚሸጥልኝ?»

ሽማግሌው ተንፍሶ ከጓዳ ሌላ ቢላ አመጣ። ማግኔቱ አልነካውም። «ይሄ ከማንኪያው ብረት ነው፤ ለቅቤ ነው» አለ።

ደብቆት ኖሯል! ሁለት ብር ከፍዬ ወሰድሁ። ጥንቃቄ አይጎዳምና ሌሊቱን ሎሚ ውስጥ አሳደርሁት፤ ነጥብ እንኳ አልወጣበትም። መቁረጡንማ ማን ይጠረጥራል? ቢላ ነው።

ሐሙስ፣ ሰርጉ ቤት

እሑድ አሶሳ ገብተናል። ሼሁ ነባር ቢላቸውን መቆፈሪያ እንዲሆን ለአንጥረኛ ሰጥተው ጠበቁኝ። ዛሬ በእንግዳው ሁሉ ፊት ማግኔቱን በቢላዬ ላይ አመላለሱት፤ አልሳበውም። «ማሻአላህ!» አለ ድንኳኑ።

አራጁ ሽማግሌ እንደ ልማዳቸው የክንዳቸውን ጠጉር ሊላጩበት ሞከሩ። አንዲትም አልወደቀች። ድንጋይ ላይ ሳሉት፤ ደግመው ሞከሩ። «ሼህ ኢድሪስ» አሉ፣ «ይሄ በጉን ይዳብሰዋል እንጂ አያርደውም።»

ሰው ሳቀ፤ ሼሁ አልሳቁም። በደነዘ ስለት በግ ማሠቃየት በእነሱ ዘንድ ነውርም ኃጢአትም ነው፤ ከባምባሲ የመጡት የሙሽራው ወገኖች ደግሞ እንደራባቸው ነው። የሼሁ ሚስት ዓይኗን ከእኔ አሸሸች። ምድር ብትውጠኝ ወደድሁ።

ያን ጊዜ ከኋላ አንድ እጅ በሰው ትከሻ ላይ ተዘረጋ። እጀታው በቆዳ የተጠቀለለ፣ ከስለቱ በቀር መላው ቡናማ ዝገት የሆነ ቢላ ይዟል። አራጁ ተቀብለው ክንዳቸው ላይ ሞከሩት፤ ጠጉሩ በነነ። እኔ በስመ አብ ብዬ ሳልጨርስ ሙክቱ አልቋል።

የነሱን ሥጋ ስለማልበላ ገንፎ ቀረበልኝ። የሼሁ ሚስት ቅቤውን ያደረገችልኝ በእኔው ቢላ ነው። ነጋዴው አልዋሸም። ሳቅሁ፤ እሷም ሳቀች።

እዚያ ሰርግ የነበራችሁ ሁሉ፣ ያ እጅ የማን እንደሆነ ንገሩኝ። በግርግሩ ባለቤቱ ቢላውን ሳይጠይቅ ሄዷል፤ ቢላው እኔ ዘንድ ነው። ዝገቱን አልነካሁትም።