አክስቴ የቀረችበት ስብሰባ

አክስቴ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የሸሚዝ ኮሌታ መስፋት ከጀመረች አስራ ዘጠኝ ዓመት አለፋት። በሳምንት ስድስት ቀን ማሽኑ ላይ አቀርቅራ ነው የምትውለው፤ አንገቷ እንደጎበጠ ቀርቷል። የሠራተኛ ማኅበሩ ቅዳሜም እረፍት ይሁን ብሎ ለመጠየቅ ሠራተኛውን ለስብሰባ ጠራ። መቼ? እሁድ ጠዋት! ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው ይህን ያሰበው? ከአራት መቶ ሰው የመጣው አስራ አንድ ነው። ሥራ አስኪያጁም «እረፍት የፈለገው ሠራተኛ የታለ?» ብሎ አሾፈባቸው።

በሚቀጥለው እሁድ በንዴት ጦፌ ቤቷ ሄድኩ። የሳምንቱ ልብስ ተከምሯል፤ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ውስጥ ነው።

«እንዴት ትቀሪያለሽ?» አልኳት።

ቀና እንኳ አላለችም። «ምን ላድርግ ልጄ» አለችኝ፤ «በሳምንት ሁለት እሁድ ቢኖር ኖሮ እሄድ ነበር።»