የሰው ገመና የተሸከመች አዋላጅ

"ልጄ፣ ይሄ ያንቺ ሥራ በጣሊያን ጊዜም ነበር" አሉኝ ዛሬ አንዲት እናት።

ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ ስለ አባላዘር በሽታ አስተምሬ ስጨርስ፣ ሁሉም ሲወጣ እሳቸው ቀሩ። እማማ ዘሀራ ልበላቸው። (ስማቸውን ቀይሬያለሁ፤ "ጻፊው" ያሉኝ ግን ራሳቸው ናቸው።)

እናታቸው እንደነገሯቸው፣ በጣሊያን ጊዜ አባታቸው ደብረ ሲና መንገድ ሥራ ከርመው ቂጥኝ ይዘው ተመለሱ። የወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሞቶ ተወለደ። እናታቸው እንደገና ሲያረግዙ፣ የሰፈሩ አዋላጅ እትዬ ከድጃ አባትየውን ለብቻቸው አስቀመጧቸው።

"በሽታ ነው፤ ነውር አታድርገው። ሁለታችሁም ካልታከማችሁ ይሄኛውም አይተርፍም።"

"ጣሊያን ሐኪም ዘንድ? ሰው ምን ይለኛል!"

"እኔ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።"

አብረው ሄዱ፤ ታከሙ። እትዬ ከድጃ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ልጅቷ በሰላም ተወለደች፤ ዘሀራ ተባለች።

"የአገሩ ገመና ሁሉ እትዬ ከድጃ ሆድ ውስጥ ነበር" አሉ እማማ። "አንዳንዴ ሲከብዳት እኛ ቤት መጥታ ታለቅሳለች። እናቴ አንድም ነገር አትጠይቃትም፤ እስኪወጣላት ዝም ብላ አጠገቧ ትቀመጣለች።"

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

"አንቺስ የኔ ልጅ፣ ማን ዘንድ ታለቅሻለሽ?"

ስንት ዓመት ሳማክር ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ሲወጡ እጄን ጨብጠው "ቤቴ ጀውሃ ነው። ምንም ነገር አልጠይቅሽም፤ ብቻ ነይ" አሉኝ።

የሰው ምስጢር የምትሸከሙ ወዳጆቼ፣ እናንተስ ማን ዘንድ ትሄዳላችሁ? እስቲ አጫውቱኝ።