ጨው ቀማሹ

ጎረቤቴ እትዬ የሺመቤት በጾም ወጥ ሲሠሩ አይቀምሱም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል በአፋቸው አይዞርም። ቀማሻቸው ስኳር ስላለባቸው የማይጾሙት ባላቸው ጋሽ ንጋቱ ነበሩ። ጨዉ ልክ ቢሆንም ምስር ወጡን ፉት ብለው፣ «አንቺ፣ ጨው ተወደደ እንዴ?» ይላሉ።

«ሂድ ወዲያ፣ ሆዳም!»

ጋሽ ንጋቱ ጥር ላይ ሞቱ። በሁዳዴ ልጠይቃቸው ስሄድ እትዬ ወጥ እየሠሩ ነበር። ማንኪያውን ይዘው ባላቸው ይቀመጡበት ወደነበረው የጓሮ በር ዞሩና «ና ቅመስልኝ» አሉ። ከዚያ ክው ብለው ቀሩ።

«እኔ ልቅመስ፤ መቼም ጾመኛ አይደለሁ» ብላቸው እንዳልሰሙ ሆነው ድስቱን ከደኑት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በላን። ጨው ጭራሽ አልገባበትም። ላመጣ ስነሳ እጄን ያዙኝ።

«ተዪው። ዕድሜ ልኩን ጨው የለውም እያለ ሲዋሽብኝ ኖሯል። ዛሬ እንኳ እውነቱን ይሁን።»