ሰባት ቤት እና የማያልቅ ስም

ሳሎኑ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን፤ አራታችንም ቆመን ነበር። ቻይናዊቷ ጎረቤቴ፣ የቤቱ ባለቤት፣ በመስኮቱና በምግብ ጠረጴዛው መካከል ቆማ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ክዳን ይዛለች። የልጅ ልጇ ፎጣ ክንዷ ላይ ጥላ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ልታገባው ያሰበችው ወጣት ከኮሪደሩ ብዙም አልገባም፤ የመንደሪን ከረጢቱን የት እንደሚያስቀምጠው የነገረው ሰው ስለሌለ እንደያዘው ነው። እኔ ምንጣፉ ጫፍ ላይ፣ ከሶፋው ፊት ለፊት ነበርኩ። መቀመጥ እችል ነበር፤ አልተቀመጥኩም።

እኔና ጎረቤቴ ኖርዌይ ውስጥ፣ ሮመን በሚባል ሰፈር፣ በአንድ ደረጃ ላይ በር ለበር ነው የምንኖረው፤ የምንግባባው በኖርዌይኛ ነው። እኔ ባርነሃገ፣ የሕፃናት መዋያ ማለት ነው፣ ውስጥ ጽዳት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። እሷ ከሆንግ ኮንግ የመጣች ናት፤ ከባሏ ጋር ምግብ ቤት ነበራቸው፣ ባሏ ሞቷል። የልጅ ልጇን ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ግማሹን እኔ ቤት አደገች ብል ግን ውሸታም የሚለኝ የለም። ልጅቷ አያቷን በካንቶኒዝ «ማማ» ትላታለች፤ የአባት እናት ማለት ነው። እኔን ደግሞ ከልጆቼ ጓደኞች ሰምታ «እማማ» ትለኛለች። ከደረጃው ስትጣራ ሁለታችንም በር እንከፍት ነበር።

ያን ቀን የተገናኘነው ልጅቷ ስለለመነችኝ ነው። ሠርጓ ለሐምሌ ተቆርጧል። በአገራቸው ወግ ሙሽሮች በሠርጋቸው ቀን ተንበርክከው በሁለት እጃቸው ለወላጆችና ለአያቶች ሻይ ያቀርባሉ። ትልቁ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ተቀብሎ ከጠጣ መርቋል ማለት ነው። ልጅቷ እናት የላትም፤ አባቷ ሌላ አገር ሌላ ቤት መሥርቷል። ሻዩን የምትቀበላት አያቷ ብቻ ናት። አያቷ ደግሞ አልቀበልም ብላለች።

ምክንያቷ የልጁ የቤተሰብ ስም ነው።

ልጁ መጀመሪያ ቤቷ የመጣ ዕለት በቻይንኛ ማን ተብሎ እንደሚጻፍ ጠየቀችው። ቤተሰቡ ከማሌዥያ ነው። ቤት ውስጥ ሆክየን የሚባለውን ቻይንኛ ይናገራሉ፣ እሱ ትምህርት ቤት ማንዳሪን ተምሯል። እሷ ከካንቶኒዝ በቀር አታውቅም። እኔ ቻይንኛ አንድ ቋንቋ ይመስለኝ ነበር፣ ሁለት ቻይናውያን ተቀምጠው በኖርዌይኛ ሲግባቡ እስካይ ድረስ። የሚያገናኛቸው ጽሑፉ ነው። ምልክቱ አንድ ነው፤ የሚነበበው ግን እንደየአካባቢው ነው። ስለዚህ አልግባባ ሲሉ ጣታቸውን ብዕር፣ መዳፋቸውን ወረቀት ያደርጋሉ። ልጁም መዳፉ ላይ በጣቱ ጻፈላት።

ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። የልጅቷ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በሲ ይጀምራል፣ የልጁ በቲ። ነገሩ እንዲገባ ሌላ ስም ልጥቀስ፦ ቤጂንግ ውስጥ ሁዋንግ የሚባለው፣ ሆንግ ኮንግ ሲደርስ ዎንግ ነው፤ ማሌዥያ ውስጥ ንግ ሊሆን ይችላል። በየወደቡ የተቀመጠ ጸሐፊ በጆሮው የሰማውን በራሱ ፊደል ጻፈ፤ ልጆቹም በዚያው ቀሩ። በላቲን ፊደል የማይተዋወቁ የሚመስሉ ሰዎች በቻይንኛ አንድ ናቸው። የእነዚህ ልጆችም እንዲሁ ነበር። ልጁ ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር፤ ነገሬ አላለውም። ልጅቷም ስትሰማ ሳቀች። ያንን ስም የያዘው ሕዝብ ኖርዌይን ደጋግሞ ይሞላል፤ ሕጉም አይከለክልም። አያትየው ግን አንድ ስም ያለው ሰው ወንድም ነው አለች። ወንድሟን ልታገባ ነው አለች።

ይህንን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ጎረቤት አልነበራትም። ከዓመታት በፊት፣ ምድር ቤት ያለው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ማሽኑ እስኪጨርስ ስንጠብቅ፣ የባሏ ስም ከየት እንደመጣ አጫውታኛለች። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የነበረ ትንሽ አገር ነው። ትልቁ ጎረቤቱ ዋጠው። የተበተኑት ሰዎች የአገራቸውን ስም የቤተሰብ ስም አደረጉት። ሌሎች ከሹመት፣ ከሥራ፣ ከሰፈር የተገኘ ስም አላቸው፤ የባሏ ግን ከጠፋ አገር የተረፈ ነው። የእሷ የራሷ ስም ሌላ ነው፤ በእነሱ ዘንድ ሴት ስላገባች የአባቷን ስም አትጥልም። ያም ሆኖ የባሏን ስም ከራሷ አብልጣ ትጠብቀው ነበር።

እኔም የእኛን ነገርኳት። የቤተሰብ ስም የለንም፣ ሰው በአባቱ ይጠራል፣ ቢበዛ በአያቱ፤ ከዚያ ስሙ ያልፋል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ሲፈላለጉ ሽማግሌ ተቀምጦ ሰባት ቤት ይቆጥራል አልኳት። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅም አያት እያልኩ እስከ ምንዥላት በጣቴ ቆጠርኩላት። አንሶላዋን ማጠፏን አቆመች።

«እንግዲያው እናንተም ሥርዓት አላችሁ» አለችኝ።

«ምን መስሎሽ ነበር?»

«በርበሬ ብቻ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ነው በደንብ የተቀራረብነው። ልጅቷም ይህን ስለምታውቅ ነው ወደ እኔ የመጣችው። «አንቺን ትሰማለች እማማ» አለችኝ። በሽምግልና እሄዳለሁ አልኳት። ነጠላዬን ለብሼ ስወጣ ደረጃው ላይ አገኘችኝና ነጭ እነሱ ቤት የለቅሶ ነው አለችኝ፤ ተመልሼ አስቀመጥኩት። ሌላውን ልማዴን ግን ይዤው ገባሁ።

«ተቀመጪ» አለችኝ ጎረቤቴ።

«ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም።»

«ጉልበትሽ ነው እምቢ ያለው ወይስ የእኔ ሶፋ ነው ያልጣመሽ?»

«በአገራችን አማላጅ ቆሞ ነው የሚለምነው።»

ሻይ ቀዳችና ሲኒውን በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ። በእኛ ወግ የተላከ ሽማግሌ እሺ ሳይባል እህል ውኃ አይቀምስም። ባለቤቱ ያፍራል፤ አፍሮ ይለሰልሳል። ይህንን አስቤ እጄን አጣምሬ ቆየሁ። ሲኒውን ትንሽ ይዛው ከቆየች በኋላ ራሷ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ዞር ብላም ልጅቷን አየቻት።

«ሻይ አልቀበልም የምትል ሴት፣ ሻይ ተቀበዪ ልትለኝ መጣች» አለች።

ልጁ ሳቀ፤ ወዲያው አፈረ። እኔም መቀመጥ የነበረብኝ ያኔ ነው።

የመጣሁበትን ተናገርኩ። ልጆቹ ይዋደዳሉ፣ ሥራ አላቸው፣ ግሩነርሎካ ሰፈር የተከራዩአትን አንዲት ክፍል ጠርገው ይኖራሉ፣ ልጁ ጨዋ ነው፣ ስሙን የሚጋራው ሰው ብዙ ነው አልኩ። ሳታቋርጠኝ ሰማች።

«ሰባት ትቆጥራላችሁ ብለሽ የነገርሽኝ አንቺ አይደለሽም?» አለች።

«እንቆጥራለን። ሰባት ላይ ግን ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ሰው ነፃ ነው። የአንቺ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«አያልቅም። የሚያልቅ ከሆነማ ምኑን ስም ሆነ?»

ልጁ በማንዳሪን አንድ ነገር ተናገረ፤ በአክብሮት እንደሆነ አንገቱን መስበሩ ያስታውቃል። አያትየው ወደ ልጅቷ አገጯን ቀሰረች።

«በኖርዌይኛ ንገሪኝ። ቻይናዊው ምን አለ?»

«ማማን አከብራለሁ ነው ያለው።»

«አዎ፣ አዎ። ይኼን በማንኛውም ቋንቋ ይሉታል።»

እኔ እስከዚያ ድረስ በልቤ አንድ መንገድ ይዤ ነበር። ስሙ ቢያገናኛቸውም ሥጋው ላያገናኛቸው ይችላል ብዬ። እኛ የምንቆጥረው ሥጋ ነው። ስም ለእኛ የአንድ ሰው ነው፤ እዚህ አገር እንኳ ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ወረቀቱ መጨረሻ ላይ ያገኘውን ስም የቤተሰብ ብሎ ስለያዘው፣ የልጅ ልጆቼ በማያውቁት ሰውዬ ስም ይጠራሉ፤ ምንም አይመስላቸውም። ስለዚህ ወደ ልጁ ዞርኩና እንደ አገሬ ሽማግሌ ቆጠራውን ጀመርኩ።

«ልጄ፣ አባትህ የት ተወለደ?»

«ማሌዥያ። አያቴም እዚያው።»

«ቅድመ አያትህስ?»

ልጁ ወደ ልጅቷ ተመለከተ። «እሱ በልጅነቱ የተሰጠ ነው» አለ።

«ለማን?»

«ልጅ ላልነበራቸው ሰዎች። ስማችን የእነሱ ነው።»

«የወለዱትስ?»

«ድሆች ነበሩ ይባላል። ማን እንደነበሩ የሚያውቅ የለም።»

እንዴት ደስ እንዳለኝ አልሸሽግም። «በቃ አለቀ» አልኩ። «የእነዚያ ዘር አይደለም። ሥጋቸው አይገናኝም።» ልቀመጥም ወደ ሶፋው ተጠጋሁ።

ሊቀመጥ የተጠጋ ሌላ ሰው ግን አልነበረም። ጎረቤቴ የተባለውን በካንቶኒዝ እንድትደግምላት ልጅቷን ጠየቀቻት፤ ልጅቷም በዝቅተኛ ድምፅ ደገመችላት። አያትየው ስሙን ከጠየቀችው ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ ልጁን በቀጥታ አናግራው አታውቅም። አሁን እሱን አየች።

«በሚያዝያ የማንን መቃብር ነው የምታጸዱት?»

«የእነሱን» አለ። «ያሳደጉትን።»

«እንግዲያው አባቶችህ እነሱ ናቸው።» ወደ እኔ ዞረች። «ልጁን ያለ አባት ልታስቀሪው ነው የመጣሽው?»

ከሶፋው ራቅሁ። ልጁ ከረጢቱን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ጆሮው ቀልቷል።

«አልነገርከኝም» አለችው ልጅቷ።

«ማን ጠየቀኝ? እኛ ቤት አይወራም።»

በእነሱ ዘንድ ስሙን ተቀብሎ በየዓመቱ መቃብሩን የሚያጸዳ ሰው የዚያ ቤት ልጅ ነው፤ የማን ሥጋ ነው ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ ነው። ይህንን በኋላ ነው የተረዳሁት። ከዚያ የባሰውንም ልጅቷ የነገረችኝ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አያቷ የልጁ ቤተሰቦች ማሌዥያ ከመድረሳቸው በፊት ከየትኛው መንደር እንደነበሩ ጠይቃት ነበር። መንደሩ ከአያትሽ መንደር ሩቅ ከሆነ ዓይኔን እጨፍናለሁ ብላት ነበር። ያን ቀን ሻዩን ያፈላችው ያንን ልትጠይቀው ነው።

«ትናንት እሺ ብል ኖሮ፣ ለልጄ ስል ስሙን እንዳላየ አለፍኩት እል ነበር» አለች። «ዛሬ እሺ ብል፣ ስምህ ያንተ አይደለም ማለቴ ነው። ይህንን ለሰው ልጅ አልልም።»

«ማማ» አለች ልጅቷ።

«ተጋቡ። ሕጉ ፈቅዶላችኋል። እኔ እዚያ ወንበር ላይ አልቀመጥም።»

ልጁ ሊናገር ፈልጎ የትኛውን ቋንቋ እንደሚያነሳ አላወቀም መሰለኝ፤ ተወው። ልጅቷ ፎጣውን አጣጥፋ ወንበር ላይ ሰቀለችው። አላለቀሰችም። አያቷ ያሳደገቻት እንደዚያ ነው።

አንድ የቀረኝ ነገር ነበር። ወጣት ሳለሁ የምፈልገው ሰው ነበረ። ሽማግሌዎች ቆጠሩ፤ ስድስት ላይ ተገናኘን። እሺ አልኩ። እሱም አገባ፣ እኔም ቆይቼ ደግ ሰው አገባሁ። ይህን ለጎረቤቴ ነግሬያት አላውቅም፤ ያኔም አልነገርኳትም። ብነግራት ሽማግሌዎቹ ትክክል ነበሩ ወይ ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። እስካሁንም ብትጠይቀኝ የምላትን አላውቅም። ግን ከቆጠራው ይልቅ እሱን ብነግራት ይሻል ነበር።

በሐምሌ ልጆቹ ተጋቡ። እኔ ሄጄ ነበር። ሻይ አልተቀዳም። ለአንቺ እንቅዳልሽ ብለውኝ ነበር፤ እምቢ ያልኩት ቦታው የእኔ ስላልሆነ ነው። ጎረቤቴ ያን ቀን መጋረጃዋን አልከፈተችም። አሁን ደረጃው ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፣ ስለ በረዶው እናወራለን። ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ግን እኔ የያዝኩትን ቀን እየተወች ሌላ ቀን ትይዛለች።

ያን በሽምግልና የሄድኩ ዕለት ሳሎኑ ውስጥ እስከ መጨረሻው የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ጎረቤቴ ወደ መስኮቱ ዞረች። ልጅቷ እጮኛዋ አጠገብ ሄዳ ቆመች፤ እጁን ግን አልያዘችውም። በመካከላቸው አልፌ ወደ ኮሪደሩ ሄድኩ፣ ጫማዬን አደረግሁ፣ በሩን በቀስታ ዘግቼ ወጣሁ።