ጥጥ የጎረሰው ሰደርያ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «ሸፋኟ» ይላታል። የአንዱ ትከሻ ያዘነበለ እንደሆነ ባዘነበለው በኩል ጥጥ ጣል ታደርግለታለች፤ ሌላው ቦርጭ ካወጣ ቁልፉን ወደ ጎን ታሸሽለታለች። ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ የምትውል፣ ድምፅዋ ከስፌት መኪናዋ ያነሰ ሴት ናት። ምስጢር እሷ ቤት ገባ ማለት ከገበር ውስጥ ተሰፋ ማለት ነው።

እሷው ዘንድ ያደገችው የእህቷ ልጅ ቁመት መጣል ስትጀምር ደረቷ መሃል ለመሃል እየሰረጎደ መጣ። ክፉ ልጆች «ጭልፋ» አሏት። አክስት ምን ታድርግ? የምታውቀውን መድኃኒት አዘዘች፦ ጥጥ የጎረሰ ሰደርያ፣ ጎኑ ጥብቅ ያለ፣ ከሸሚዝ ሥር የሚለበስ። ልጅቷ መስታወት ፊት ዞር ዞር ብላ፣ «አክስትዬ፣ ደረት አወጣሁ!» አለች።

ኋላ የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ቡድን ጥሩምባ ነፊ ፈለገ። ልጅቷ ጥሩምባውን አንዴ ከያዘች ወዲያ እህል አልቀምስ አለች። አስተማሪው ግን የደረቷን መሰርጎድ ሰምቶ ስለነበር ፈራ። «ልብና ሳንባዋ ይታይ። ሐኪሙ ከፈቀደ ጥሩምባው የእሷ ነው፤ ካልፈቀደ ከበሮ ትይዛለች።»

በቀጠሮው ቀን መንገድ ላይ አክስት ልጅቷን ወሬ ከለከለቻት።

«ዝም በይ! ትንፋሽሽን ለሐኪሙ አስቀምጪለት።»

«አንቺስ ለምን ታወሪያለሽ?»

«የኔን ማን ሊለካው!»

ሐኪሙ ልቧን በመሣሪያ አየ። ልቧ ወደ ግራ ገፋ ብላ ተቀምጣለች እንጂ ሥራዋን አላጓደለችም። ልጅቷ ለዚህ ምርመራ ከመጋረጃ ጀርባ ደብቃ ያወለቀችውን ሰደርያ ወዲያው መልሳ ለበሰችው። ትንፋሽ የምትለካው ነርስ ደግሞ የልጅቷን አፍንጫ ቆንጥጣ ዘጋችና ቱቦውን አጎረሰቻት።

«አየር ሳቢ፣ ሳቢ፣ ሳቢ! በይ ንፊ! ንፊ! አይዞሽ፣ እንዳታቆሚ!»

ልጅቷ ቲማቲም እስክትመስል ነፋች። ነርሷ ስክሪኑን አይታ ከንፈሯን መጠጠች።

«ሳንባዋ በደንብ አይሞላም። የሆነ ነገር ጨምድዶ ይዞታል።»

አክስት የጨመደደውን ታውቀዋለች፤ በገዛ እጇ በድርብ ክር ሰፍታዋለች። ልጅቷ እንባ ያቀረሩ ዓይኖቿን አፍጥጣ «እንዳትናገሪ» ትላታለች። ለሰው ምስጢር ዕድሜ ልኳን አፏን የሰፋችው ሴት ጨነቃት። ወደ ልጅቷ ጆሮ ጠጋ አለች።

«ልጄ፣ እኔ አልናገርም። ግን ወይ ደረቱ ወይ ጥሩምባው።»

ልጅቷ አፍንጫዋን ጠረገች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ከሸሚዟ ሥር ታግላ ታግላ ሰደርያውን አወጣችው። ነርሷ ተቀብላ አገላበጠችው።

«ምንድን ነው ይሄ? ትራስ ነው?»

«ደረቴ ነው» አለች ልጅቷ።

መጀመሪያ የሳቀችው አክስት ነበረች፤ ከዚያ ሁሉም ተከተሏት። እንደገና ስትነፋ የስክሪኑ መስመር ሽቅብ ወጣ። ሐኪሙም፣ «ከእኩዮቿ ጥቂት ቢያንስ ነው፤ ለጥሩምባ ይበቃል። በየጊዜው እየመጣች ትታይ። ያንን ትራስ ግን ዳግመኛ እንዳላየው!» አለ።

አክስት ሰደርያውን እዚያው ኮሪደር ላይ ተርትራ ጨረሰችው።

አሁን ሰፈሩ በጥሩምባ ይነቃል። ትከሻው ያዘነበለው ጎረቤት አንድ ማለዳ በሩን አንኳኳ።

«ሸፋኟ፣ ያ ጥጥ አለ?»

«ምነው፣ ትከሻህ ደግሞ ምን ሆነ?»

«ትከሻዬን ተዪው፣ ለጆሮዬ ነው!»

ሸፋኟ ጥጡን ከነቅርጫቱ አቀበለችው። መስኮቱን ግን አልዘጋችም።